ደግ ጎረቤት ሲያርፍ፦ ከቀብር እስከ ሙት ዓመት ጎረቤት ምን ያድርግ?

ይህን የምጽፈው ለቤተሰብ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ቤተሰብ የራሱ ወግ አለው። ማን ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ጎረቤት ግን ድንኳን እስኪነሳ ድረስ ሲሮጥ ይሰነብትና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ጉድለቱ የሚሰማው ደግሞ ያኔ ነው። በተለይ የሞተው ሰው ደጁ የማይዘጋ፣ የሰጠውን የማይቆጥር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ከነበረ፣ የእሱ አለመኖር በየቤቱ ይገባል።

እኛም ደሴ ላይ እንዲህ ያሉ ጎረቤት ነበሩን። ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላቸው። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ የቤታችን ግድግዳ አንድ። እዚህ የምጽፈው እሳቸው ካረፉ በኋላ በሰፈራችን የተደረገውን፣ በሌሎች የወሎ ሰፈሮችም ሲደረግ ያየሁትን ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ደግ ሰውን ማስታወስ ከሁሉ በፊት ይሠራው የነበረውን ሥራ መረከብ ነው። ፎቶ ማሳጠቡም፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፉም ይደርሳል። እቴቴ ዳቦ ይልኩላት የነበረችው ሴትዮ ግን ነገ ጠዋት ዳቦ ያስፈልጋታል።

1. የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቅሬው ጋር ተካፈሉ

ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት፣ ጥሩንባ የሚነፋው፣ መቃብር የሚቆፍረው ሁሉ የቅሬው፣ ሌላ አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር፣ ጉዳይ ነው። እሱን አትድገሙት። የቅሬውን ዳኛ ወይም ጸሐፊውን አግኙና «ምን ጎደለ?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሰው ያላሰበው ትንሽ ነገር ነው፦ ቤት የሚጠብቅ ሰው፣ ሕፃናቱን ወስዶ የሚያበላ፣ ላሟን የሚያልብ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ዘመድ መናኸሪያ ሄዶ የሚቀበል፣ የለቅሶተኛውን ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ።

የስልኩን ሥራ አንድ ሰው ይያዘው። ሟች ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ አይቆይም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው ዙህር ወይም አስር ሶላት ላይ ተሰግዶበት ሊቀበር ይችላል። ስለዚህ ስልክ ደዋዩ አይዘግይ። ክርስቲያን ከሆነ ለፍትሐቱም፣ ከሩቅ ለሚመጣ ልጅም ተብሎ ትንሽ ሊጠበቅ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ልጅ በመኪና እስኪደርስ ቀኑ ይመሻል። መንገድ ላይ ላለ ልጅ መርዶውን በስልክ አታፍርጡበት። አጠገቡ ሰው መኖሩን አረጋግጡ፤ የሚቻል ከሆነ አብሮት ያለው ሰው ይንገረው።

ዘመድ የሚደወልለት አይጠፋም። የሚረሳው ዘመድ ያልሆነው ነው። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ አቅጣጫ ተፈናቅሎ ደሴ የገባው ሰው ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም የተጠለለው፤ ብዙው በየሰው ቤት ነው የተጠጋው። ጎረቤታችሁ ያን ጊዜ ሰው አስጠግቶ ከነበረ እነዚያን እንግዶች ፈልጉና ንገሯቸው። እቴቴ ቤት አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ተቀምጦ ነበር። ስልካቸውን ያገኘነው ከባለ ሱቁ ደብተር ላይ ነው። መጥተው ከእኛ እኩል ነው ያለቀሱት።

ስለ እዝን ደግሞ ይህን እወቁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያመጣል፣ ምግቡ ይተርፋል። ከሰልስት በኋላ ግን ለቅሶ ቤቱ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ተራ አውጡ። ማን እንጀራና ወጥ፣ ማን ንፍሮ፣ ማን ቡና ከነስኳሩ እንደሚያመጣ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ለቀስተኛው የተደባለቀ ከሆነ ምስርና ሽሮ ይሁን። ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ድስት ተጠቀሙ። ያን ጊዜ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ረቡዕ ነው ዓርብ ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም።

ምን ልበል ለምትሉ ነገሩ ቀላል ነው። ለሙስሊም ቤት «አላህ ይርሐማቸው፣ ጀነትን ይወፍቃቸው፣ ለእናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ» በሉ። ለክርስቲያን ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። «በቃ አታልቅሺ» አትበሉ። «ምን ሆነው ነው የሞቱት?» እያላችሁ በሽታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አታስተርኩ፤ የሟች ልጅ ይህን ታሪክ ለመጣ ሰው ሁሉ ስትደግመው ነው የዋለችው።

2. የተዋሳችሁትን መልሱ፣ ዕዳችሁን ተናገሩ

የደግ ሰው ዕቃ ቤቱ አይገኝም። ወንፊቱ አንዱ ቤት፣ ብረት ድስቱ ሌላው ቤት፣ መሰላሉ ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። ከሰልስት በኋላ አንድ ታማኝ ሰው ደብተር ይዞ በየቤቱ ይዙርና «የእቴቴ ምን አላችሁ?» ይበል። ማንንም አታሳፍሩ፤ ብዙ ሰው የራሱ እስኪመስለው ድረስ ለምዶት ነው። እኛ ሰፈር ሰፌድ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ የክረምት ጋቢ ተሰብስቧል። ዕቃው ታጥቦ ይመለስ። ቤተሰቡ «ያዙት፣ መታሰቢያ ይሁናችሁ» ካለ ያኔ ተመርቆ ይወሰዳል።

ገንዘቡ ከዚህ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያበድር አይጽፍም፣ ምስክርም አይጠራም። ስለዚህ የምታውቁት እናንተና ፈጣሪ ብቻ ናችሁ። ሂዱና ለትልቁ ልጅ ሌላ ሰው ባለበት ተናገሩ። ሙሉውን አሁን መክፈል ካልቻላችሁ የምትከፍሉበትን ቀን ቁረጡ። በእስልምናው የሟች ዕዳ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ከቀብሩ በፊት «ዕዳ የሚጠይቅ ካለ ወደ ቤተሰቡ ይምጣ» ተብሎ ይነገራል፣ ከውርሱም በፊት ዕዳው ይቀድማል። ሰፈር ውስጥ ባለ ሱቁ ዘንድ ያለውን የዱቤ ደብተር ጎረቤት ቢያየው ጥሩ ነው። እቴቴ ዱቤ ነበረባቸው። ግን በስማቸው ከተጻፈው ዘይትና ስኳር ግማሹ ወደ ሌላ ሰው ቤት የሄደ ነበር፤ ይህ ደግሞ ወደ ሚቀጥለው ነገር ያመጣኛል።

3. ያልታየውን ሥራ ፈልጉ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ዋናው እሱ ነው። በሰፊው የሚሰጥ ሰው የሰጠውን አይናገርም። ሲሞት የሚቋረጠውን ነገር ማንም አያውቀውም። የሚቀበለውም ሰው አፍሮ አይናገርም፤ «ለቅሶ ላይ እንዴት ዳቦዬ ቀረ እላለሁ?» ይላል። ስለዚህ ፈላጊዎቹ እናንተ ናችሁ።

የእቴቴን የዱቄት በርሜል የከፈተችው ልጃቸው ናት። ውስጡ ሁለት ጣሳ ነበር። አንደኛው አሮጌ የድልህ ጣሳ፣ አፉ የተቆለመመ። ሌላኛው የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ወገቡ ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት። ልጅቷ ትርፍ ጣሳ መስሏት ልታወጣው ስትል እቤት የምትረዳቸው ልጅ «ተይው፣ እሱ የሰው ነው» አለቻት። በተቦካ ቁጥር በድልሁ ጣሳ ለቤት ይሰፈራል፣ ከዚያ ባለ ክሩ ጣሳ ሞልቶ ለብቻ ይቀመጣል። ዱቄቱ በላስቲክ ታስሮ በልጆች እጅ ይላካል። ወደየት እንደሚላክ የምታውቀው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። እሷን ባንጠይቅ ኖሮ ጣሳው ታጥቦ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ አንድ ቤት ደግሞ ጦሙን ያድር ነበር።

እንግዲህ ማንን ልጠይቅ ካላችሁ፦ መጀመሪያ የቤት ሠራተኛዋን ወይም የሚላላኩትን ልጆች፤ እነሱ ሁሉንም ያውቃሉ። ቀጥሎ ባለ ሱቁን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን። የመስጊዱን ኢማም ወይም የንስሐ አባቱን ጠይቁ፤ ምስጢር ሳያወጡም «እገሊትን እይዋት» ሊሏችሁ ይችላሉ። ፋርማሲውን አትርሱ። የትምህርት ቤቱን ጥበቃም ጠይቁ። መስከረም ላይ ደብተር የሚገዛላቸው ልጆች ካሉ እሱ ያውቃል።

ከዚያ ያገኛችሁትን ጻፉ። የተቀባዩን ስም አትጻፉ፤ ሥራውን ብቻ ጻፉ። ለምሳሌ እኛ ያገኘነው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። አንዲት አሮጊት የጤና መድን ክፍያቸውን በየዓመቱ የሚያድሱላቸው እቴቴ ነበሩ። የሰፈሩን ሁለት ሕፃናት እናታቸው ከገበያ እስክትመለስ እሳቸው ይይዛሉ። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት መድኃኒት ያመጣሉ፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጠውንም ለይተው በተለያየ ቀለም ወረቀት ይጠቀልላሉ። ጥምቀት ላይ እኛ ታቦት ልንሸኝ ስንወጣ የሰፈሩ ቁልፍ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ ዒድ ላይ ደግሞ የእነሱ ቁልፍ እኛ ዘንድ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ማታውኑ ጀበና ይዘው የሚገቡትም እሳቸው ነበሩ።

አሁን አከፋፍሉት። አንድ ሥራ ለአንድ ቤት። «ሁላችንም እናግዛለን» ከተባለ ማንም አያግዝም፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምላችሁ። ዱቄቱን አንዱ ቤት፣ መድኃኒቱን ሌላው ቤት፣ የጤና መድኑን ሦስት ቤት በማዋጣት ይያዝ። ገንዘብ የሌለው ጉልበት ይያዝ፤ ልጅ መያዝም፣ ቁልፍ መጠበቅም ትልቅ ሥራ ነው። ማስታረቁን ግን በምደባ መስጠት አይቻልም። እሱን ሰው የሚሰማው፣ ምላሱ የማይሳት አንድ ትልቅ ሰው ለምኑ።

አደራረጉ ራሱ ይጠበቅ። እቴቴ በልጅ እጅ የሚልኩት ሰውዬው ደጅ ቆሞ እንዳያመሰግን ብለው ነው። እናንተም በልጅ ላኩ። ፎቶ አታንሱ። «በእቴቴ ስም የተደረገ እርዳታ» ብላችሁ አትለጥፉ። ተቀባዩ ሰው ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አለበት።

በየወሩ አንድ ቀን ቁረጡና ሥራው ቀጥሏል ወይስ ቆሟል የሚለውን ጠይቁ። የቅሬው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ቢሆን ይመቻል፤ ሰው ስለ ሌላ ጉዳይም ይሰበሰባልና። የያዘው ቤት ካቃተው ሳይወቀስ ለሌላው ያስረክብ።

4. የመታሰቢያ ቀኖችን በቤተሰቡ ሃይማኖት ያዙ

ለክርስቲያን ሟች ቀኖቹ የታወቁ ናቸው፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት። ብዙ ሰው አርባውንና ሙት ዓመቱን አጥብቆ ይይዛል። የጎረቤት ሥራ የሟችን የክርስትና ስም በትክክል አውቆ መያዝ ነው። ለካህኑ በወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው፣ በጸሎት የሚነሳው በእሱ ነው፤ በሰፈር ስሙ ብቻ የምታውቁት ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ቤተሰቡን ጠይቁ። ስለ ተዝካሩ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ቤተሰብ ተበድሮ በሬ እንዲጥል አትገፋፉ። ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ካለ ዋናው አለ። ድግሱ ይቅር ለማለት ድፍረት የሚያገኙት ጎረቤት መጀመሪያ ሲናገርላቸው ነው። ይህን ተናገሩላቸው።

ለሙስሊም ሟች ዱአና ሰደቃ ነው። በወሎ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ወይም በአርባኛው ቀን ሰደቃ የሚያወጣ ቤት ብዙ ነው፤ ወዳጃ የሚባለው የዱአ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱአ የሚደረግበትም ቤት አለ። ቀን መቁረጡን ዑለማዎች በአንድ ዓይን አያዩትም፤ የማይቀበለው ቤተሰብም አለ። ጎረቤት እዚህ ላይ አይፈርድም። ቤተሰቡ ከሚከተለው ሸህ ጋር ይነጋገር፣ እናንተ የተወሰነውን አግዙ። ባል ሞቶ ሚስት ከቀረች ዒዳ የሚባል የሐዘን ጊዜ እንዳለባት አትርሱ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ቤቷ ነው የምትቀመጠው፤ አትኳልም፣ አታጌጥም። ስለዚህ «ለምን አትወጪም፣ ንፋስ ይንካሽ» አትበሏት። እናንተ ወደ እሷ ሂዱ። ገበያዋን አድርሱላት፣ ወፍጮዋን አስፈጩላት።

ሁለቱም ሃይማኖት የሚገኝበት ድግስ ከሆነ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ በየራሱ ድስት ይሠራል፣ ድስቶቹም ማንኪያቸውም አይቀላቀሉም፤ ይህን ወሎ ላይ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፣ ግን አዲስ ለመጣ አስተናጋጅ ልጅ በጊዜ ንገሩት። ቀን ስትቆርጡ ረመዳንንና 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾምን ተመልከቱ። ሁለቱ ከተገናኙ ድግሱን ከማፍጠሪያ ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ የጾም ምግብ ይሁን፣ አብሮ ይበላል።

5. ድምፁንና ታሪኩን ሰብስቡ

ይህን ከአርባ በፊት ጀምሩ፤ ሰው ስልክ ይቀይራል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ሟች የላኩላችሁን የድምፅ መልእክት ከቴሌግራሙ አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ላይ ቅዱት። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለራሳችሁ። ፋይሉን በቀኑና በጉዳዩ ሰይሙት፤ ቁጥር ብቻ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ማንም አያገኘውም። የሟችን ስልክ ቤተሰቡ ቶሎ እንዳይሸጠው ንገሩ። ሲሙም ለረጅም ጊዜ ካልተሠራበት ይዘጋል፤ ቴሌግራሙም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትን ያጠፋል።

እኔ ዘንድ ያለው የእቴቴ ድምፅ አጭር ነው። «አንተ ልጅ፣ በርህን ረስተኸው ነው የሄድኸው። ዘግቼዋለሁ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ስትመጣ ሳትበላ እንዳትተኛ፣ አፈር ስሆን።» ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ልጅ ውሃ ሞላ ብሎ ይጣራል። የሰፈሩ ጠዋት በሙሉ ተቀድቶ ቀርቷል። ስለዚህ ድምፁን ስትቀዱ «ጫጫታ አለው» ብላችሁ አትቁረጡት።

ታሪክ ለመሰብሰብ ከቡና የተሻለ ጊዜ የለም። አቦሉ ላይ ሰው ዜና ያወራል፤ ቶናው ላይ ይከፈታል፤ በረካው ላይ ነው ዋናው የሚመጣው። ስልካችሁን አስፈቅዳችሁ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡና ቅዱ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ደግ ነበሩ» ብቻ ነው የሚሆነው። እንዲህ ጠይቁ፦ መጀመሪያ ስታውቂያቸው የት ነበር የሚኖሩት? ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? አንቺን የረዱሽ አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነበር? ምን ምግብ ይወዱ ነበር? ከማን ጋር ተጣልተው ያውቃሉ፣ እንዴት ታረቁ?

ዓመቱን የማያስታውስ ትልቅ ሰው ካለ በዘመኑ ነገር አስይዙት። በ66ቱ ድርቅ ጊዜ ነው ወይስ በ77ቱ? ደርግ ሲወድቅ፣ ግንቦት 1983፣ ልጅ ወልደው ነበር? ሚሊኒየሙ ሲገባ፣ በ2000፣ እዚህ ቤት ነበሩ? ወሎ ላይ ስለ 77 ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። ያልተወራ ብዙ ሐዘን አለ። ሰውየው ዝም ካለ አትጎትቱት፤ ቡናውን ቅዱና ሌላ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ገጽ ጻፉ፣ ከዚያ አይብለጥ። ቅጽሉን ተዉት። በእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ የሠሩት ነገር ይኑር። እኛ የጻፍነው እንዲህ ነበር የሚጀምረው፦ «እቴቴ ቁርስ ሳይበሉ በፊት የሰፈሩን ጭስ ያያሉ። ጭስ ያልወጣበትን ቤት ልብ ይላሉ። ጠዋት እሳት ያልነደደበት ቤት ወይ ታሟል ወይ አጥቷል ይሉ ነበር።» ከዚህ የበለጠ «ርኅሩኅ፣ ቸር፣ አዛኝ» ብሎ መደርደር አያስፈልግም። ጽሑፉን ማንም ሳያየው መጀመሪያ ለልጆቹ አንብቡላቸው። አንድ ነገር ይውጣ ካሉ ይውጣ።

ፎቶም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ የሟች ሴት ፎቶ አደባባይ እንዲወጣ አይፈልግም፣ በተለይ ፀጉራቸው ያልተሸፈነበትን። አስፈቅዱ። የቀብርና የለቅሶ ቪዲዮ ደግሞ ፈጽሞ አትቅረጹ፤ ደረቷን የምትመታ እናት ቲክቶክ ላይ መታየት የለባትም።

6. የሚቆይ ነገር ከተፈለገ

በእስልምናው ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በቀር፦ የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱአ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ሰደቀቱል ጃሪያ የሚባለው የመጀመሪያው ነው፤ ውሃ፣ ዛፍ፣ ቁርአን መቅሪያ ቤት እንደ ማደስ ያለ። ክርስቲያኑም በሟች ስም ለነዳያን፣ ለአብነት ተማሪ፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ጎረቤት ሲያዋጣ ከሁለቱም ወገን ሰው የሚጠቀምበት ነገር ቢሆን እመርጣለሁ። ውሃ ለዚህ አንደኛ ነው። የተበላሸ ቦኖ ካለ አዲስ ከማሠራት እሱን ማስጠገን ይረክሳል። ቀበሌውንና የውሃ አገልግሎቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። የሚቆልፍና የሚከፍት ሰውም መድቡ።

ዛፍ እንትከል ካላችሁ ቦታውን እዩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ወይራና ጽድ ይስማሙታል፣ ኮሶም ይሆናል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ወደ 1,850 ሜትር ከሆነ ዋንዛ ደስ ብሎት ያድጋል። ባሕር ዛፍ ውሃ አጠገብ አትትከሉ። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩ ፀሐይ ይምታው። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡ፣ ሲተከል እሱ ከሥር ይገባል። ሐምሌ ዝናቡ ሲጠና ትከሉ። ላስቲኩን ቅደዱለት፤ ብዙ ችግኝ ከነላስቲኩ ተቀብሮ ነው የሚሞተው። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። በእሾህ እጠሩት፣ ፍየል አይምረውም። ዋናው ግን በጋው ነው፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት ማን ውሃ ያጠጣል? ስም ካልተያዘለት አትትከሉት፤ በሰው ስም ተተክሎ የደረቀ ዛፍ ማየት ለልጆቹ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

መቃብሩን ለቤተሰቡ ተዉ። አጥሩ ከወደቀ፣ አረም ከዋጠው ጠይቃችሁ አጽዱ። ከዚያ ያለፈው የእነሱ ነው።

7. የቀሩትን ሰዎች አትርሱ

ሕፃናቱ አሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሳቸው ደጅ ቆሎ የለመዱ ልጆች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። «ሩቅ አገር ሄደዋል» አትበሏቸው፤ ይጠብቃሉ። «እቴቴ ሞተዋል፣ አይመለሱም፣ እኛም አዝነናል» በሏቸው። ማልቀስ ከፈለጉ ያልቅሱ፤ እናንተም አብራችሁ ብታለቅሱ አይጎዳቸውም። ቆሎውን ደግሞ አንዱ ቤት ይያዘው፤ ሦስተኛው ነገር ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ብቻውን የቀረ ባል ወይም ሚስት ካለ ከአርባ በኋላ ያለውን ጊዜ ተጠንቀቁ። ቤቱ እስከ አርባ ሰው አያጣም። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። የእቴቴ ባለቤት፣ አባባ የምንላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲፈላላቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጀበና እሳት ላይ ጥደው አያውቁም። «ኑ እኛ ቤት ይጠጡ» ስንላቸው እሺ ይላሉ፣ ግን አይመጡም፤ ሰው ማስቸገር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጀበናውን ይዘን እኛ እንሄዳለን። ተራው በየሳምንቱ ይዞራል። ቡና የምታፈላው ሴት ቁርሱን፣ ከሰሉንም ይዛ ትመጣለች። ሲኒው ግን የእቴቴ ነው፤ አባባ ራሳቸው ከቁም ሳጥን ያወጡታል፣ ራሳቸው ያጥቡታል። ይህን ሥራ አትቀሟቸው።

ስሟን ወይም ስሙን ለመጥራት አትፍሩ። ሰው «እንዳላስታውሳቸው» ብሎ ስለ ሟች ማውራት ይተዋል። አባባ የሚፈልጉት ግን ሰው «እቴቴ እኮ እንዲህ ይሉ ነበር» እንዲላቸው ነው። ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ቤቱ ተከራይ ከገባበት ለአዲሱ ሰው የማን ቤት እንደነበረ ንገሩት። ሸክም አታድርጉበት፤ ለቡና ጥሩትና እግረ መንገዳችሁን አውሩለት። ልጆቹ በሩን ካንኳኩ ለምን እንደሆነ ይወቅ።

8. ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዝርዝሩን አውጡ

ዓመቱ ሲሞላ ቤተሰቡ የራሱን ያደርጋል። ጎረቤት ደግሞ በዚያው ሳምንት ይሰብሰብና ደብተሩን ይክፈት። ዱቄቱ ይሄዳል? የጤና መድኑ ታድሷል? መድኃኒቱን ማን ያመጣል? የደብተር ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ? ችግኙ ጸድቋል? የተቋረጠ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። አቅም ከሆነ ለሌላ ቤት ይተላለፍ፣ ተረጂው ራሱን ችሎ ከሆነ አመስግናችሁ ሰርዙት፣ አዲስ የተቸገረ ሰው ካለ በእሱ ቦታ ይግባ። ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ሥራውን በያዙት ሰዎች እጅ ይቆይ፣ ሌላው የቅሬው ጸሐፊ ዘንድ፣ ከቅሬው መዝገብ ጋር ይቀመጥ፤ ጸሐፊ ሲቀየርም አብሮ ይረከብ።